ግንቡ የተሠራው ማን እንዳይገባ ነው?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ረመዳን አልቆ የሸዋል ስድስቱ ቀን ፆም ሲገባደድ የስምንት ዓመት ልጄን ይዤ ሐረር ወረድኩ። የሄድነው ለሁለት ጉዳይ ነበር፤ አንድም ሹዋሊድን ለማየት፣ አንድም ጀጎል ውስጥ የሚኖሩትን አክስቴን ለመዘየር። በሁለተኛው ቀን ጧት ልጄንና አንዲት የዕድሜ እኩያዋን ይዤ በግንቡ ሥር እንጓዝ ነበር። ይህች እኩያዋ እናቷ በአክስቴ ግቢ ተከራይታ የምትኖር ልጅ ናት። ሁለቱ ከተዋወቁ አንድ ቀን እንኳ ሳይሞላቸው እጅ ለእጅ ተያይዘው ይዘልላሉ። ልጅቷ ኦሮሞ ነች። ይህን የምጠቅሰው ወደ በኋላ ስለሚያስፈልገኝ ነው።

ከግንቡ ግርጌ ካሉት ትናንሽ ቀዳዳዎች አንዱ ጋ ስንደርስ ልጄ ቆመችና ጎንበስ ብላ አጮለቀች።

«አባ፣ ይሄ ቀዳዳ ለምንድን ነው?»

«ለጅብ ነው። ማታ ማታ ገብቶ በየመንገዱ የተጣለውን እንዲበላና ከተማውን እንዲያጸዳ ነው» አልኳት።

ጥቂት አሰበችና «እንዴ! ለጅብ መግቢያ ከተበጀለት ታዲያ ግንቡ የተሠራው ማን እንዳይገባ ነው?» አለች።

«ጠላት እንዳይገባ ነዋ!»

«ጠላት ማለት ማን?»

መልሱን አውቀዋለሁ። ግንቡ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በአሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ዘመን ሲቆም ዋናው ምክንያት በዚያን ጊዜ በየአቅጣጫው ይስፋፋ የነበረውን የኦሮሞን ሕዝብ እንቅስቃሴ ለመመከት እንደነበር የታሪክ መጻሕፍት ይነግሩናል። ነገር ግን የዚያው ሕዝብ ልጅ የልጄን እጅ ይዛ፣ መልሴን እየጠበቀች ቀና ብላ ታየኛለች። ምን ልበል? ኦቾሎኒ ወደምትሸጥ አንዲት ሴት ዘወር አልኩና ለሁለቱም ገዝቼ ወሬውን ለወጥኩ። ልጆቹ ኦቾሎኒያቸውን እየፈለፈሉ ጥያቄውን ረሱት። እኔ ግን አልረሳሁትም።

ውድ አንባቢያን! ጥያቄው የአንድ አባትና የአንዲት ልጅ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ለመሆኑ ገና ፊደል በመቁጠር ላይ ላለ ሕፃን ስለሚኖርበት አካባቢ ታሪክ ምን ያህሉን ልንነግረው ይገባል? አካባቢውን እንዲወድ ሲባል ግማሹን መደበቅ ይፈቀዳልን? ወይስ እውነት እውነት ናትና ጦርነቱንም፣ ቃጠሎውንም፣ የሰው ንግዱንም እንዳለ ጆሮው ላይ ማፍሰስ ይገባናል?

ሐረርን የመረጥኩት ጥያቄው እዚያ ስለገጠመኝ ብቻ ሳይሆን ከተማዋ ራሷ ለጉዳዩ ጥሩ ምሳሌ ስለሆነች ነው። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት በዩኔስኮ ተመዝግቧል። በመዝገቡ መሠረት 82 መስጊዶችና 102 የአውሊያ ቦታዎች ይገኙበታል፤ ከመስጊዶቹም ሦስቱ ከ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የቆዩ ናቸው። የሹዋሊድ በዓልም በኅዳር 2016 ዓ.ም. በማይዳሰሱ የሰው ልጅ ቅርሶች መዝገብ ገብቷል። ይህ ሁሉ የሚያኮራ ነው፤ አልሐምዱሊላህ። ይሁን እንጂ በዚያው ከተማ በአንድ ክፍል ውስጥ አብረው የሚቀመጡት ሕፃናት እነማን ናቸው? በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ከሐረሪ ክልል ነዋሪ ከመቶ 56 የሚሆነው ኦሮሞ፣ 23 ገደማው አማራ፣ ሐረሪው ደግሞ 9 ያህል ነበር። ጉራጌውም ሶማሌውም አለ። እንግዲህ መምህሩ «ዛሬ የአካባቢያችንን ታሪክ እንማራለን» ሲል ግንቡን ከውስጥ የጠበቁት የልጅ ልጆችም፣ ከውጭ የነበሩት የልጅ ልጆችም፣ ኋላ ከአፄ ምኒልክ ጦር ጋር የገቡት የልጅ ልጆችም ከፊቱ ተቀምጠው ነው። የማንን ታሪክ ሊነግራቸው ነው?

በዚህ ጉዳይ ላይ ከወላጆችም ከመምህራንም የምሰማው ሐሳብ በሦስት ይከፈላል።

አንደኛው «ልጅ ነው፣ ምን ያውቃል? ተወው!» የሚል ነው። እንደ እነዚህ ወገኖች አባባል ሕፃን ማንበብና መቁጠር ይማር፤ ታሪክ ሲያድግ ይደርስበታል። ይህ አባባል የሚሳሳተው ልጁ ባዶ ሆኖ የሚጠብቅ ስለሚመስለው ነው። ሐቁ ግን ባዶ ልጅ የለም። እኛ ዝም ስንል የሠፈር ልጅ ይነግረዋል፤ በስድብ መልክ ይነግረዋል። በዕድር ድንኳን የሽማግሌዎችን ወሬ ይሰማል። ዛሬ ደግሞ የአባቱን ስልክ ከፍቶ በብሔርና በሃይማኖት የሚዘላለፉ ሰዎችን ያያል። እኛ የተውነው ቦታ ባዶ አይቀርም፤ ሌላ ሰው ይዘራበታል።

ሁለተኛው «ልጆቻችን የሚኮሩበትን ብቻ እንንገራቸው» የሚለው ነው። ይህን ሐሳብ በቀላሉ ላጣጥለው አልሻም፤ የመነጨው ከእውነተኛ ቁስል ነውና። የሙስሊሙ ታሪክ በዚህች አገር የመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ለረጅም ጊዜ ወይ አልነበረም፣ ወይ የ«ወራሪ» ታሪክ ሆኖ ነበር የሚገባው። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሙስሊም አደባባይ ወጥቶ የእኩልነት ጥያቄውን እስኪያሰማ ድረስ ዒዶቻችን እንኳ የአገሪቱ በዓላት አልነበሩም። የዚያ ዘመን ሙስሊም ተማሪ የአክሱምን ሐውልት፣ የላሊበላን ውቅር ቤተ ክርስቲያን፣ የጎንደርን ግንብ አጥንቶ ፈተናውን ሲያልፍ የሸኽ ሑሴንን ድሬ፣ የወሎን መድረሳዎች፣ የሐረርን የመጽሐፍ ጠራዦች ሳያውቅ ያልፍ ነበር። የራሱ ቤት ታሪክ የሌለው መስሎት ያደገ ሰው «አሁንስ የኛን እናሞግስ!» ቢል ማን ይፈርድበታል?

ነገር ግን በእኛ የተሠራብን ስሕተት በልጆቻችን እጅ ሲደገም ትክክል አይሆንም። ትናንት እነርሱ የኛን ግማሽ ደበቁ ብለን ካዘንን፣ ዛሬ እኛ የነርሱን ግማሽ ደብቀን ፍትሕ አደረግን ልንል አንችልም። ቁርኣን ምእመናን በራሳቸው፣ በወላጆቻቸውና በዘመዶቻቸው ላይ እንኳ ቢሆን በእውነት እንዲመሰክሩ ያዛል። ታሪክ ማስተማር ከዚህ ምስክርነት ውጭ ነው ያለው ማን ነው?

ደግሞም ሃይማኖታችን ልጆችን ያሳደገበትን መንገድ እናስተውል። በየመድረሳው ትንንሾቹ የኡሑድን ዘመቻ ይማራሉ። ኡሑድ ድል አይደለም። ቀስተኞቹ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ካቆሟቸው ስፍራ ለቀው እንደወረዱና በዚያ ምክንያት ስንቶች ሸሂድ እንደሆኑ ሳይደበቅ ይነገራቸዋል። የነቢዩ ዩሱፍን (ዐ.ሰ.) ታሪክ የማያውቅ የቁርኣን ቤት ልጅ የለም። በነቢይ ቤት ውስጥ የተፈጸመ በደል ነው፤ ወንድሞች ወንድማቸውን ጉድጓድ ወረወሩት፣ አባታቸውን ዋሹት፣ ልጁም ለባርነት ተሸጠ። አላህ (ሱ.ወ.) ይህን ታሪክ ለቤተሰቡ ክብር ሲባል አልሸፈነውም። ታሪኩን የሰማ ሕፃን ግን የያዕቆብን ልጆች ጠልቶ አይነሳም፤ መጨረሻው ይቅርታ መሆኑን ይዞ ይነሳል። እንግዲህ የባዕድ አገር ጉድጓድ ለልጅ ጆሮ ካልከበደ የራሳችን ሠፈር ግንብ ለምን ይከብዳል?

ሦስተኛው ሐሳብ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ «እውነት ከሆነ ሁሉንም ንገሩት» ይላል። ይህም ጥንቃቄ የሌለው ንግግር ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ስለ ተቆረጠ ራስና ስለ ተቃጠለ ከተማ በዝርዝር ቢሰማ ሌሊት በቅዠት ከመንቃት በቀር የሚጨምረው እውቀት የለም። ለእርሱ ከአራት መቶ ዓመት በፊትና ካቻምና አንድ ናቸው። «እነ እገሌ ገደሉን» ብትለው ነገ ትምህርት ቤት ሄዶ ከጎኑ የተቀመጠውን ልጅ ገዳይ ብሎ ያየዋል። ዓሊይ (ረ.ዐ.) ሰዎችን በሚገባቸው ልክ ማናገር እንደሚገባ መምከራቸው በከንቱ አይደለም።

ታዲያ የቱን እንያዝ? በአንድ በኩል መዋሸት የለም። ልጇን «ና፣ አንድ ነገር እሰጥሃለሁ» ብላ የጠራችውን እናት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ምን ልትሰጪው አስበሽ ነው ብለው ጠየቋት፤ ቴምር ልትሰጠው መሆኑን ስትነግራቸው ምንም ባትሰጪው ኖሮ ውሸት ሆኖ ይጻፍብሽ ነበር አሏት። ለሕፃን የተነገረ ውሸት ትንሽ ውሸት አይደለም ማለት ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ሁሉን በአንድ ቀን ማፍሰስ የለም። በእነዚህ በሁለቱ መካከል የሚያልፍ መንገድ መኖር አለበት።

እኔ የደረስኩበት መለኪያ ይህ ነው፦ *ለልጅ ሲያድግ የሚጨመርበትን እንጂ ሲያድግ የሚፈርስበትን ታሪክ አንስጠው።* ለሕፃን ግማሽ እውነት መንገር አይቀሬ ነው፤ እኛ አዋቂዎችም የያዝነው ከግማሽ አይበልጥም። ልዩነቱ ግን በሁለት ዓይነት ግማሾች መካከል ነው። አንዱ እንደ መሠረት ድንጋይ ነው፤ በአሥራ ሁለት ዓመቱ ሌላ ድንጋይ ይደረብበታል፣ በሃያ ዓመቱ ሌላ። ሌላው እንደ ጭቃ ልስን ነው፤ የመጀመሪያው ዝናብ ሲመጣ ይረግፋል። የረገፈ ዕለት የሚጠፋው ታሪኩ ብቻ አይደለም። ልጁ «አባቴ ዋሽቶኛል፣ ኡስታዜ ዋሽቶኛል» ይላል። ከዚያ በኋላ ስለ ሌላው ነገር ሁሉ፣ ስለ ዲኑ ጭምር፣ ቃላችንን ለመቀበል ያመነታል።

ይህን መለኪያ በጥቂት ከባድ ነገሮች ላይ እንሞክረው።

የመጀመሪያው የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ነገር ነው። በአንዱ ቤት ጀግና፣ በሌላው ቤት አጥፊ ናቸው። ለአንዱ ልጅ «ኢማሙ አንድም ንጹሕ ሰው አልነኩም» ካልነው ይፈርሳል፤ ዘመቻውን የጻፉት የራሳቸው ወገን የሆኑት ዐረብ ፈቂህ እንኳ ስለ ተቃጠሉት ቤተ ክርስቲያናት ሳይሸሽጉ ጽፈዋል። ለሌላው ልጅ «በሰላም የሚኖር ሕዝብ ላይ በድንገት የወረደ መዓት ነው» ቢባል ይህም ይፈርሳል፤ ከዚያ በፊት ከመቶ ዓመታት በላይ የነገሥታቱ ጦር በኢፋትና በአዳል ላይ ይዘምት እንደነበር፣ ሱልጣን ሰዕደዲንም ዘይላ ድረስ ተከታትለው እንደተገደሉ ያነባልና። ለሕፃን የሚበቃውና የማይፈርሰው ይህ ነው፦ ከረጅም ዘመን በፊት ነገሥታትና ሱልጣኖች ይዋጉ ነበር፤ አንዱ የሌላውን ቤት፣ አንዱ የሌላውን የጸሎት ስፍራ አቃጠለ፤ በሁለቱም ወገን አባታቸውን ያጡ ልጆች ነበሩ። በዚህ ላይ ዓመተ ምሕረቱም፣ ምክንያቱም፣ የቱርክና የፖርቱጋል እጅም በየጊዜው ሊጨመር ይችላል።

ሁለተኛው ጨለንቆ ነው። በ1879 ዓ.ም. የአሚር ዐብዱላሂ ጦር በአፄ ምኒልክ ጦር ተሸነፈ። በፈረስ መጋላ መስጊድ በነበረበት ስፍራም የመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ተሠራ። ይህን ለሐረር ሕፃን እንዴት ትነግረዋለህ? መልሱ በራሱ ቤት ውስጥ አለ። በሐረሪ ቤት ሰው የሚቀመጥባቸው ከፍ ከፍ ያሉ መደቦች፣ ነደባዎቹ፣ በቀይ አፈር የተቀቡ ናቸው፤ ይህ ቀይ ቀለም ጨለንቆ ላይ የፈሰሰውን ደም ለማስታወስ ነው ይባላል። ልብ በሉ! እነዚያ እናቶች ሐዘናቸውን በቀል አድርገው አላወረሱም፤ እንግዳ የሚቀመጥበት መደብ ላይ ቀቡት። እዚያ ላይ የተቀመጠ ሕፃን «ይሄ ለምን ቀይ ሆነ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ሲጠይቅ መንገር ነው። መልሱንም ቡና እየቀረበ፣ በእርጋታ ይሰማዋል።

ሦስተኛው ከሁሉም የሚከብደው ነው፤ በበደሉ ውስጥ እኛ አለንበትና። ሐረር ቡና፣ ጨርቅና የዝሆን ጥርስ ብቻ ሳይሆን ሰውም የሚሸጥባት ገበያ ነበረች። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በ1855 ከተማዋ ገብቶ ከጻፋቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነው። ባርነት የሙስሊሙ ከተማ ብቻ ኃጢአት አልነበረም፤ በክርስቲያኑ መንግሥትም ነበር፣ በኢትዮጵያ በሕግ ፈጽሞ የተሻረውም በ1934 ዓ.ም. ነው። ነገር ግን «እነርሱም አድርገዋል» ማለት ለልጅ የሚሰጥ መልስ አይደለም። ልጆቻችን ደግሞ ባርነት ምን እንደሆነ ያውቃሉ። ቢላልን (ረ.ዐ.) የማያውቅ ማን አለ? በጋለ አሸዋ ላይ ተንጋሎ፣ ደረቱ ላይ ድንጋይ ተጭኖ «አንድ! አንድ!» ያለውን ሐበሻ ሕፃናቱ ሁሉ ይወዱታል። እንግዲያው «እንደ ቢላል ያሉ ሰዎች በኛ ገበያም ይሸጡ ነበር፤ ይህ ትልቅ ጥፋት ነበር» ቢባሉ ይገባቸዋል። ቢላልን እየወደዱ የቢላልን ወገን የሸጠውን የገዛ ገበያችንን ካልነገርናቸው ግን ፍቅራቸው ተረት ሆኖ ይቀራል።

ሁሉም ታሪክ ከባድ ነው ማለቴ አይደለም። ያለ ምንም ፍርሃት የምንሰጣቸው፣ ሲያድጉም የማይፈርሱ ብዙ አሉን። የነጃሺን ታሪክ የመሰለ የት ይገኛል? ስደተኞች መጡ፣ ንጉሡ ሰማቸው፣ አሳልፎ አልሰጣቸውም። የአምስት ዓመት ልጅ ይረዳዋል። በዚህ ላይ ግን ዛሬ የሚጨመር አሳዛኝ ምዕራፍ አለ፤ በነጋሽ የሚገኘው የነጃሺ መስጊድ በ2013 ዓ.ም. በትግራዩ ጦርነት ጉዳት ደርሶበታል። ለስደተኞች መጠጊያ በሆነው ስፍራ ይህ እንዴት ሆነ ብሎ ለሚጠይቅ ልጅም «ይህን አደራ የኛ ዘመን ሰዎች አልጠበቅነውም» ብሎ በሐቅ መመለስ ይገባል። ታሪክ የጥንት ሰዎች ሥራ ብቻ አለመሆኑን ልጆች የሚረዱት ያኔ ነው።

አንዳንዱ አንባቢ «ይህ ለሐረር ይሆናል፣ እኛ የአዲስ አበባ ሰዎች ምን ጥንታዊ ግንብ አለን?» ይል ይሆናል። አካባቢ ሳይንስ የሚባለው ትምህርት በስሙ አካባቢ አለው፤ ልጆቻችን ግን ስለ ሩቅ ሐውልት ሸምድደው የሠፈራቸውን መስጊድ ማን እንዳሠራው አያውቁም። መርካቶ የሚለው ስም ራሱ ጣሊያን በወረራው ዘመን ትቶት የሄደ ቃል መሆኑን፣ ገበያው ያኔ ከአራዳ ወደዚያ እንደተወሰደ ስንቱ የመርካቶ ነጋዴ ለልጁ ነግሮታል? በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ መንደሮች ሲፈርሱ ብዙ ልጆች ከተወለዱበት ሠፈር ርቀው ሄደዋል። ለእነርሱ የአካባቢ ታሪክ ማለት አሁን በወላጆቻቸው አፍ ላይ ብቻ ያለ ነገር ነው። አፉ ከተዘጋ አለቀ።

ትንሽ ልጅ ታሪክን የሚማረው በእጁና በእግሩ ነው። ዘመናት አይገቡትም፤ «የአያትህ አያት» ይገባዋል። ፖለቲካ አይገባውም፤ በር ይገባዋል፣ ቁልፍ ይገባዋል። ስለዚህ አንድ ነገር አስይዘነው፣ ሰፌድም ይሁን አሮጌ ኪታብ፣ አራት ጥያቄ እንጠይቅ፦ ማን ሠራው? ለምን ሠራው? ማን ጠብቆ አቆየልን? በዚህ የተጎዳ ሰው ነበርን? የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥያቄዎች ሁሉም መምህር ይጠይቃል። ሦስተኛው ምስጋናን ያስተምራል። አራተኛው ፍትሕን ያስተምራል፤ እኛም በብዛት የምንዘልለው እርሱን ነው።

ለዚህ በጀት መጠበቅ አያስፈልግም። የመስጊድ ኮሚቴዎች በዓመት አንድ ጁሙዓ ከሰዓት የሠፈሩን አዛውንት ከሕፃናቱ ፊት ቢያስቀምጡ ምን ይከብዳል? የቁርኣን ቤት ኡስታዞች ሉሕ የሚይዘውን ልጅ «ይህን ሉሕ ካንተ በፊት ማን ይዞት ነበር?» ብለው ቢጀምሩስ? የትምህርት ቤት መምህራን «የብሔርህን ቅርስ አምጣ» ከማለት ይልቅ «ከቤትህ አንድ አሮጌ ነገር ታሪኩን ጠይቀህ አምጣ» ቢሉ በአንድ ክፍል ውስጥ መስቀልም፣ ሙስበሓም፣ ጮጮም፣ ጀበናም ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ልጆቹም አንዱ የሌላውን ታሪክ ከጓደኛው አፍ ይሰማል፤ ከጓደኛ የሰሙት ደግሞ በቀላሉ ወደ ጥላቻ አይለወጥም። ወላጆች ሆይ! ከሁሉም በላይ ጉዳዩ የእናንተ ነው። አዛውንቶቻችን በየቀኑ ይሄዳሉ። አንድ አዛውንት በሞቱ ቁጥር ሳይነበብ የሚቀበር ስንት ኪታብ አለ!

አሁን ወደ ሐረር ልመለስና ላብቃ።

ያን ዕለት ማታ ከመግሪብ በኋላ ነደባው ላይ ተቀምጠን ሳለ ልጄ ጥያቄዋን ለአክስቴ ደገመችው። ለካስ አልረሳችም! ጓደኛዋም ከአጠገቧ ነበረች። እኔ ደነገጥኩ። አክስቴ ግን ዩኒቨርሲቲ ስላልገቡ ይሁን አላውቅም፣ ምንም አልተጨነቁም።

«ግንቡን የሠሩት የፈሩ ሰዎች ናቸው፤» አሉ። «ውጭ ያሉት ደግሞ ከብቶቻቸውን የሚያሰማሩበት ሜዳ የሚፈልጉ ሰዎች ነበሩ። ተዋጉ። ከዚህም ከዚያም ብዙ ሰው ሞተ። ኋላ ግን የዚህ ሰው ያለ እነርሱ ማሽላና ቅቤ ከየት ያግኝ? እነርሱስ ያለ ከተማው ጨርቅና ጨው ከየት ያግኙ? ቀን ቀን በሩን እየከፈቱ ተገበያዩ፤ ማታ ማታ ይዘጉታል። ከዚያ ተጋቡ። የኔ እናት እናት ከበሩ ውጭ የመጣች ናት።»

ይህን የመጨረሻውን ቃል እኔም ያን ዕለት ነው የሰማሁት። ጧት ከልጆቹ የደበቅኩት ታሪክ የራሴ ደም ታሪክ ኖሯል!

ያቺ ኦሮሞ ልጅ ጥቂት ዝም ብላ «ውጭ የነበሩት የኔ ሰዎች ናቸው?» ብላ ጠየቀች።

«አዎ፣» አሉ አክስቴ፤ «የኔም ናቸው።»

አክስቴ ሁሉንም አልተናገሩም። ስለ ረሀቡ አላነሱም፣ ስለ ተገደሉት አልዘረዘሩም። ነገር ግን ከተናገሩት ውስጥ እነዚያ ሁለት ልጆች ሲያድጉ የሚፈርስ አንድም ቃል የለም። ልጄ ዛሬ አድጋለች፤ አልፎ አልፎ ስለዚያ ግንብ አዲስ ጥያቄ ይዛ ትመጣለች። በየጊዜው የምነግራትም አክስቴ ባስቀመጡት ላይ ይደረባል። እኔ ጧት የሰጠኋት መልስ ቢሆን ኖሮ ግን ኦቾሎኒው ሲያልቅ አብሮ ያልቅ ነበር።

አላህ ለልጆቻችን እውነትን በልኩ የምንናገርበትን ምላስ ይስጠን። ወላሁ አዕለም።